ጣሳውና ድስቱ

ቨርጂኒያ ውስጥ በምሠራበት ክሊኒክ፣ የደም ግፊቱ በመድኃኒት አልወርድ ያለ ሰው ሲላክልኝ «ምን ይበላሉ?» ብዬ አልጠይቅም። «የሚበሉትን በፌስታል ይዘውልኝ ይምጡ» እላለሁ። ሰው ይረሳል፤ ፌስታል አይረሳም።

አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር መጡ። ልጅቱ የአትክልት ሾርባ ጣሳ አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። «እኔ ሥራ ስለምውል ምሳቸው ይህ ነው። አትክልት ነው፣ ቅባትም የለውም» አለች። እናትየውም «ጨው ከተውኩ ስንት ጊዜዬ ልጄ» አሉኝ።

ጣሳውን አዙሬ አነበብኩላቸው። ሶዲየም 700 ሚሊግራም ይላል፤ ግን ለአንድ ድርሻ ነው። ጣሳው ደግሞ ሁለት ተኩል ድርሻ ይይዛል።

«እማማ፣ ስንቱን ይበላሉ?»

«ሙሉውን ነዋ! ከዚች ምኑ ይተርፋል?»

ሲባዛ 1,750 ሚሊግራም መጣ። የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በቀን ከ2,000 በታች እንዲወስድ ይመክራል። ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ጨው ነው። እማማ በአንድ ምሳ ሊጨርሱት ምንም አልቀራቸውም።

ብዙዎች ጨው የሚበዛው ሾርባው እንዳይበላሽ ይመስላቸዋል። እንዳይበላሽ የሚያደርገው ግን ጣሳው አየር እንዳያስገባ ታሽጎ በከፍተኛ ሙቀት መቀቀሉ ነው፤ ጨው የሚጨመረው በዋናነት ለጣዕም ነው። የጣሳው ጽሑፍም ያታልላል። በአሜሪካ ደንብ «ሶዲየም የተቀነሰለት» ማለት ከመደበኛው ቢያንስ 25 በመቶ ያነሰ ማለት ብቻ ነው፤ ከ700 ሩቡ ቢነሣ 525 ይቀራል። «ዝቅተኛ ሶዲየም» ለመባል ግን በድርሻ ከ140 መብለጥ የለበትም።

ጣሳውን ግን አላጥላላም። ቫይታሚን ሲ በሙቀት ይቀንሳል፤ ይህ በቤት ድስትም ያው ነው። የካሮቱ ቀለምና አሰሩ በብዛት ይተርፋል። የበሰለ ቲማቲም ላይኮፒን የተባለውን ንጥረ ነገር እንዲያውም ከጥሬው ይልቅ ለሰውነት ያቀርበዋል። ድስቱ የሚበልጠው አትክልቱን እንደልብ ማብዛት፣ አንድ እፍኝ ምስር መጨመር፣ ጨዉንም በራስ እጅ መመጠን ስለሚቻል ነው።

በቀጣዩ ቀጠሮ ልጅቱ በቴርሞስ የቤት ሾርባ ይዛ መጣች፤ ካሮት፣ ድንች፣ ዝኩኒ፣ ቆስጣ። መዓዛው ክፍሉን ሞላው። ቀመስኩት፤ ምላሴን አቃጠለኝ።

«ምን ጨመርሽበት?»

«ጨው ጠብ አላደረግሁም! ጣዕም እንዲኖረው ብቻ ሁለት ኩብ የሾርባ ቅመም ጣል አደረግሁ።»

ያቺ በወረቀት የተጠቀለለች ትንሽ ኩብ ከክብደቷ ግማሽ ያህሉ ጨው ነው። ጣሳውን ሸሽተን ጨዉን በጓዳ በር አስገባነው ማለት ነው። ስለዚህ አብረን አዲስ አሠራር ጻፍን፤ ሽንኩርቱ በደንብ ይቁላላ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ጦስኝ ይግቡበት፣ ከእሳት ሲወርድ ሎሚ ይጨመቅበት፣ ጨው ቁንጥር ብቻ በስተመጨረሻ። ማብሰል በማይመች ቀን ደግሞ ዝቅተኛ ሶዲየም ያለው ጣሳ ተከፍቶ በተቀቀለ አትክልት ይብዛ።

እማማ ወረቀቱን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። ከወንበራቸው ሲነሡም ሳቅ አሉና «ለካ እኔ የተውኩት የጨው ዕቃዬን ነው፤ ጨውማ መች ተወኝ» አሉኝ።