ሙክቲናት፦ የባሕር ድንጋይ የሚለቀምበት ተራራ

ድንጋዩ ጥቁር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከመዳፍ አይበልጥም። ሲፈለጥ ውስጡ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠማዘዘ መስመር ይወጣል። ሂንዱዎች ሻሊግራም ይሉታል። ለእነሱ የአምላካቸው የቪሽኑ ምልክት ብቻ አይደለም፤ ራሱ ቪሽኑ ነው። ስለዚህ እቤት ወስደው ያጥቡታል፣ ይሰግዱለታል፣ ለልጅ ያወርሱታል። የሥነ ምድር አዋቂዎች ደግሞ አሞናይት የተባለ፣ ዘሩ ከጠፋ ብዙ ሚሊዮን ዓመት የሆነው የባሕር እንስሳ ቅሪት ነው ይላሉ። ድንጋዩ የሚገኘው በሰሜን ኔፓል ሙስታንግን አቋርጦ በሚወርደው የካሊ ጋንዳኪ ወንዝ ዳር ነው። የሂማላያ ተራሮች ከመነሳታቸው በፊት አገሩ ባሕር ነበር።

ከዚሁ ሸለቆ በላይ፣ ከ3,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ሙክቲናት የተባለችው የመቅደስ ስፍራ አለች። ሙክቲ ማለት ነፍስ ደግማ ደጋግማ ከመወለድ የምትገላገልበት ነጻነት ነው። ስለዚህ ከሕንድም ከኔፓልም ቤተሰብ አያቱን ይዞ ይመጣል። ከፖካራ ወደ ጆምሶም የምትበረው ትንሽ አውሮፕላን የምትነሳው በጠዋት ነው፤ ረፋዱ ላይ የሸለቆው ነፋስ ስለሚበረታ። ከዚያ በጂፕ ሽቅብ ነው። ፖካራ 800 ሜትር ገደማ ላይ ናትና በአንድ ቀን የወጣ ሽማግሌ ራሱን ቢያመው አይገርምም። ጆምሶም አንድ ሌሊት ማደር ይሻላል።

መንገድ ላይ ካግቤኒ አለች። ሁለት ወንዞች በሚገናኙባት በዚህች መንደር አባቱ የሞተበት ልጅ የእህል ድቡልቡል ሠርቶ ለሙታኑ ያቀርባል። እኔን ከመቅደሱ ይልቅ የሚመስጠኝ ይህ ነው፦ ጉዞው ለሕያዋን ብቻ አይደለም።

መቅደሱማ ትንሽ ነው፤ ባለ ሦስት እርከን ጣሪያ ፓጎዳ። ከጀርባው 108 የኮርማ ራስ ቅርጽ ያላቸው አሸንዳዎች በግማሽ ክብ ተደርድረው የተራራ ውኃ ይተፋሉ። ምእመኑ ልብሱን ጥሎ ከአንዱ ወደ አንዱ እየሮጠ ያልፍባቸዋል፤ ቀጥሎ በፊት ለፊት ባሉት ሁለት ገንዳዎች ይጠመቃል። የውኃው ቅዝቃዜ አጥንት ይሰብራል። ልጆች ይጮኻሉ፣ አያቶች ይጸልያሉ። ወረድ ብሎ ባለው የጅዋላ ማይ መቅደስ ደግሞ ከመሬት የሚወጣ የተፈጥሮ ጋዝ ከሚፈስ ውኃ አጠገብ ትንሽ ነበልባል ሆኖ ይነዳል።

ስፍራው ለቡድሂስቶችም ቅዱስ ነው። ሂንዱው ቪሽኑ ብሎ የሚሰግድለትን ምስል የቲቤት ቡድሂስት ቼንሬዚግ ብሎ ይሳለመዋል፤ የቡድሂስት መነኮሳይያትም በአገልግሎቱ አሉበት። ይህን ተቻችሎ ማደር ልበለው? እነሱ ግን የተቻቻሉ አይመስላቸውም፤ ቤቱ የሁለቱም ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ለመሄድ ካሰብክ መጋቢትና ሚያዝያ ወይም ጥቅምት ይመቻል። ፎጣና ደረቅ ልብስ አትርሳ፤ አሸንዳዎቹ ዘንድም በጠዋት ድረስ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ አለ።