የፕሪንተር ዋጋ ሱቅ ውስጥ አያልቅም

ፕሪንተር ሊገዙ ሱቅ ሲገቡ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ስንት ነው?» ብለው ነው። ሻጩም ዋጋውን ይነግርዎታል። ይሁንና የነገረዎት የመግቢያውን ብቻ ነው። ቀሪውን የሚከፍሉት ቤትዎ ከገባ በኋላ፣ ቀለሙ ባለቀ ቁጥር ነው።

ዛሬ ከቤታቸው አንዱን ክፍል ቢሮ ያደረጉ ብዙዎች ናቸው። አንዱ ሒሳብ ይሠራል፣ ሌላው ሰነድ ይተረጉማል፣ ሌላዋ ልጆች ታስጠናለች። ውሉ፣ የዋጋ ማቅረቢያው፣ የመለማመጃ ጥያቄው፣ በዚያው ላይ የገዛ ልጆች የትምህርት ቤት ወረቀት ሁሉ ከአንድ ማሽን ይወጣል። ለጀማሪ ሥራ የቀለም ወጪ ቀላል አይደለም። ደንበኛን ስናስከፍል ካላሰብነው ከትርፋችን ላይ ሳይታወቀን ይቀነሳል።

ርካሹ ለምን ረከሰ?

በርካታ አምራቾች ማሽኑን በዝቅተኛ ዋጋ ሸጠው ትርፋቸውን ከቀለሙ ያገኛሉ። ትንንሽ ካርትሬጅ የሚወስዱት የቤት ፕሪንተሮች የዚህ ዋና ምሳሌ ናቸው። ለምሳሌ ኤችፒ 123 የሚባለው መደበኛ ጥቁር ካርትሬጅ የሚያትመው 120 ገጽ ያህል ነው። በአንጻሩ ኤችፒ 85ኤ የተባለው የሌዘር ቶነር 1,600 ገጽ ያህል ያትማል። ቀለም በጠርሙስ የሚቀዳላቸው፣ ባለ ታንክ የሚባሉት ደግሞ ከዚህም ይርቃሉ፤ ኢፕሰን ኤል 3250 በአንድ ጠርሙስ ጥቁር ቀለም እስከ 4,500 ገጽ እንደሚያትም አምራቹ ይገልጻል። ኩባንያው እነዚህን ባለ ታንክ ማሽኖች ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ ያቀረበው በ2010 እ.ኤ.አ. ኢንዶኔዥያ ውስጥ ነው።

እስኪ እናስላው

ስሌቱ ቀላል ነው፤ የቀለሙን ዋጋ ለሚያትመው ገጽ ብዛት ማካፈል ብቻ ነው። የሚከተሉት ዋጋዎች ለስሌቱ ያህል የተወሰዱ ስለሆኑ በዕለቱ የገበያ ዋጋ ይተኳቸው።

ባለ ካርትሬጁ ማሽን 12,000 ብር፣ 120 ገጽ የሚያትመው ካርትሬጅ 1,800 ብር ነው እንበል። አንድ ገጽ 15 ብር ወጣበት ማለት ነው። ባለ ታንኩ 30,000 ብር፣ 4,500 ገጽ የሚያትመው ጠርሙስ 1,350 ብር ቢሆን አንድ ገጽ 30 ሳንቲም ይሆናል። ሌዘሩ 28,000 ብር፣ 1,600 ገጽ የሚያትመው ቶነር 4,800 ብር ቢሆን ደግሞ ገጹ 3 ብር ነው።

አሁን በወር 200 ገጽ፣ በዓመት 2,400 ገጽ በጥቁር ብቻ ያትሙ። ማሽኑና የዓመቱ ቀለም ሲደመሩ ባለ ካርትሬጁ 48,000 ብር፣ ሌዘሩ 35,200 ብር፣ ባለ ታንኩ 30,720 ብር ይደርሳል። ሱቅ ውስጥ ርካሽ የነበረው በዓመቱ ከሁሉም ውድ ሆነ። በባለ ካርትሬጁና በባለ ታንኩ መካከል የነበረው የ18,000 ብር ልዩነት ደግሞ በስድስት ወር ገደማ ተመልሷል።

እርስዎ ስንት ገጽ ያትማሉ?

ይሁን እንጂ ውዱን መግዛት ሁልጊዜ ብልህነት አይደለም። በወር 10 ገጽ ብቻ የሚያትም ቤተሰብ በዚሁ ስሌት ያንን 18,000 ብር ለማካካስ አሥር ዓመት ይፈጅበታል። እንዲህ ላለው ቤት ርካሹ ማሽን ይበቃል፤ ሰፈር ውስጥ ያለ የፎቶኮፒ ቤት ደግሞ ከሁሉም ሊረክስ ይችላል። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ለአንድ ወር ያሳተሙትን ገጽ በማስታወሻ ይያዙ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ?

የአጠቃቀምዎ ዓይነትም ይታይ። የፈሳሽ ቀለም ማሽን ለሳምንታት ሳይሠራ ከተቀመጠ ቀለም የሚረጭበት ክፍል ሊደርቅና ሊደፈን ይችላል። ለማጽዳት ሲባልም ቀለም ይባክናል። የሌዘር ቶነር ዱቄት ስለሆነ አይደርቅም። አንድ ሳምንት ብዙ አትሞ ወር ለሚያርፍ፣ ጥቁር ጽሑፍ ብቻ ለሚበቃው ቢሮ ሌዘር ይስማማል። ባለ ቀለም ሥዕልና የልጆች መለማመጃ ሳያቋርጥ ለሚያትም ባለ ታንክ ይሻላል።

ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር

አምራቾች የገጽ ብዛት የሚናገሩት በሙከራ ገጽ ለክተው ነው። ለጥቁር ጽሑፍ ይህ በተለምዶ ከገጹ 5 በመቶ ያህሉን ብቻ ቀለም የሚነካው ማለት ነው። ገጽ ሙሉ ፎቶ ካተሙ ቁጥሩ በብዙ ይቀንሳል። ከአዲስ ሌዘር ማሽን ጋር አብሮ የሚመጣው ቶነርም አብዛኛውን ጊዜ የተሟላ አይደለም። ባለ ታንኩ ላይም የመጀመሪያው ቀለም ከፊሉ ቱቦዎቹን ለመሙላት ይውላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ቶሎ አለቀ ብለው አይደንግጡ፤ ስሌትዎን ግን በሁለተኛው ይጀምሩ።

መብራትም አለ። ሌዘር ዱቄቱን በሙቀት አቅልጦ ወረቀቱ ላይ ስለሚያጣብቅ ሲያትም በመቶዎች የሚቆጠር ዋት ይስባል። በዚህ ምክንያት አምራቾች ከዩፒኤስ ጋር እንዳይያያዝ ይመክራሉ። ባለ ታንኩ ሲያትም ከ20 ዋት በታች ስለሚበቃው መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ይቀላል።

ኦርጅናል ወይስ ማስሞላት?

ቶነር ማስሞላት ወጪ ይቀንሳል፤ ብዙ ቢሮዎችም የሚሠሩት በዚህ ነው። ሲያስሞሉ ግን ሥራውን ከሚያውቅ ባለሙያ ዘንድ ይሁን። በደንብ ያልተዘጋ ካርትሬጅ ዱቄቱን ማሽኑ ውስጥ ያፈሳል፣ ጽሑፉንም ያቆሽሻል። ዋስትና ላይ ያለ ማሽን ከሆነ በቅድሚያ የዋስትናውን ወረቀት ያንብቡ።

ቀለምና ቶነር ከውጭ የሚገቡ ናቸው። የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የዶላር ዋጋ ሲንቀሳቀስ የቀለሙም ዋጋ አብሮ ይንቀሳቀሳል። ቀለም የሚቆጥብ ማሽን ከዚህ መዋዠቅም በከፊል ይጠብቅዎታል።

ስለዚህ ሱቅ ሲገቡ «ስንት ነው?» ካሉ በኋላ ሦስት ጥያቄ ይጨምሩ። ቀለሙ ወይም ቶነሩ ስንት ነው? ስንት ገጽ ያትማል? መለዋወጫውና ጠጋኙስ እዚሁ ከተማ ይገኛል? ሻጩ መልስ እየሰጠዎት በስልክዎ ያካፍሉ። የዓመቱን ድምር ሳያዩ ግን ገንዘብዎን አያውጡ።