«ቫይረስ ነው፣ ፎርማት ይደረግ» ከመባላችሁ በፊት የኮምፒውተሩን ቀን እዩ

ጊዜው 2017 ዓ.ም ግንቦት ላይ ነው። የመመረቂያ ጽሑፏን ለማስገባት ሁለት ቀን የቀራት ልጅ አሮጌ ላፕቶፗን ታቅፋ ደሴ ፒያሳ ቡና ወደምንጠጣበት ቤት መጣች። ጂሜይል አይከፍት፣ ጎግል አይከፍት፣ ዩቲዩብ አይከፍት። የትም ብትገባ «ይህ ድረ ገጽ አስተማማኝ አይደለም» የሚል ማስጠንቀቂያ ነው የሚመጣው። ጥገና ቤት ስትወስደው «እህቴ፣ ቫይረስ ነው፤ ፎርማት መደረግ አለበት» ተብላለች። የአንድ ዓመት ሥራዋ ያለው እዚያው ላፕቶፕ ላይ ነው፤ ሌላ ቦታ ኮፒ የላትም።

ስክሪኑ ሥር በቀኝ በኩል ያለውን ቀን አየነው። 9/20/2017 ይላል።

«ታዲያ ልክ ነው እኮ!» አለች። «ዛሬ ግንቦት 20 አይደል?»

በእኛ አቆጣጠር ልክ ናት። ችግሩም እሱ ነበር። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ብቻ ነው። 9/20/2017 ሲባል «ሴፕቴምበር 20፣ 2017» ብሎ ነው የተረዳው፤ ማለትም መስከረም 10 ቀን 2010 ዓ.ም። የዚያን ቀን ትክክለኛው የፈረንጅ ቀን ደግሞ ሜይ 28፣ 2025 ነበር። ላፕቶፑ ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ቀርቷል ማለት ነው።

ቀን ከድረ ገጽ ጋር ምን አገናኘው?

ድረ ገጽ ሁሉ ሰርተፍኬት የሚባል ነገር አለው። እንደ ቀበሌ መታወቂያ አስቡት፦ የባለቤቱ ስም፣ የሰጠው አካል፣ የተሰጠበት ቀንና የሚያበቃበት ቀን አለው። ክሮም ወይም ፋየርፎክስ ገጹን ከመክፈቱ በፊት መታወቂያውን ይፈትሻል። ስሙ ልክ ነው? የሰጠውን አካል አውቀዋለሁ? ቀኑ አላለፈም? ከሦስቱ አንዱ ካልተሟላ ማስጠንቀቂያ ያመጣል።

ቀኑን የሚያመሳክረው ከኮምፒውተሩ ሰዓት ጋር ነው። በ2025 የተሰጠ ሰርተፍኬት 2017 ላይ ለቆመ ላፕቶፕ «ገና ያልተሰጠ መታወቂያ» ነው። ስለዚህ አልቀበልም ይላል። እውነት ለመናገር ኮምፒውተሩ ሥራውን በትክክል እየሠራ ነው፤ የተሳሳተውን ቀን የሰጠነው እኛ ነን።

የሰርተፍኬት ዕድሜ ደግሞ እያጠረ ነው የመጣው። ከሴፕቴምበር 2020 ጀምሮ ከፍተኛው 398 ቀን ሆነ። ከማርች 15፣ 2026 ጀምሮ 200 ቀን፣ በ2029 ደግሞ 47 ቀን ብቻ እንዲሆን ተወስኗል። ሌትስ ኢንክሪፕት የሚባለው በነጻ የሚሰጠው ድርጅት ለረጅም ጊዜ ሲሰጥ የኖረው የ90 ቀን ነው። ሰባትና ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የቀረ ኮምፒውተር ምንም ገጽ ባይከፍት አይገርምም።

መጀመሪያ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለዩ

ለዚህ ስልካችሁ ይበቃል። ያንኑ ድረ ገጽ በስልክ ክፈቱት።

1. ኮምፒውተሩ ላይ ሁሉም ገጽ እምቢ ካለና ስልክ ላይ ከሠራ፣ ችግሩ ኮምፒውተሩ ላይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ቀኑ ነው።

2. አንድ ገጽ ብቻ ኮምፒውተሩም ስልኩም ላይ እምቢ ካለ፣ የገጹ ባለቤት ሰርተፍኬቱን አላሳደሰም ይሆናል። እናንተ የምታስተካክሉት ነገር የለም፤ እስኪያስተካክሉት ጠብቁ።

3. ስልኩ በዋይፋይ እምቢ ብሎ በዳታ ከሠራ፣ የዋይፋዩ ነገር ያጠራጥራል። በዚያ ዋይፋይ ፓስወርድም የባንክ ነገርም አትጻፉ።

ቀኑን እንዴት እናስተካክል?

መጀመሪያ የሰዓት ክልሉን እዩ። ዊንዶውስ አዲስ ሲጫን ብዙ ጊዜ በአሜሪካ ሰዓት ነው የሚመጣው። «ናይሮቢ» የሚለውን ምረጡ፤ ከእኛ ጋር አንድ ነው፣ ፕላስ 3።

ቀጥሎ ስልካችሁ ላይ ያለውን የፈረንጅ ቀን እያያችሁ ዓመቱን፣ ወሩንና ቀኑን በእጅ ሙሉ። ግድግዳ ላይ ካለው ካላንደር አትገልብጡ! የእኛ ዓመት ከፈረንጁ ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር 31 በሰባት፣ ከጃንዋሪ 1 በኋላ በስምንት ያንሳል። ሰዓቱንም እንዲሁ፦ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ለኮምፒውተሩ 9 ሰዓት ነው።

በመጨረሻ ሰዓቱ ከኢንተርኔት ራሱ እንዲስተካከል የሚያደርገውን አብሩ። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት። ልዩነቱ የዓመታት ሲሆን ዊንዶውስ ከኢንተርኔት የመጣለትን ሰዓት አይቀበልም፤ ለዚህ ነው በእጅ የሚጀመረው። ከዚያ ብራውዘሩን ዘግታችሁ ክፈቱ።

የልጅቷ ላፕቶፕ በሁለት ደቂቃ ተስተካከለ። በማግስቱ ጠዋት ግን ደወለች፤ «ተመልሶ 2009 ሆነ!»

ባትሪው ነዋ!

ኮምፒውተር ጠፍቶ እንኳ ሰዓት የሚቆጥርለት ሳንቲም የምታህል ባትሪ ውስጡ አለች። ሲአር 2032 የምትባለው፣ ባለ 3 ቮልት ናት። አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ስትሞት፣ መብራት በጠፋና ኮምፒውተሩ ከኃይል በተለየ ቁጥር ሰዓቱ ፋብሪካ ወደተሞላለት ቀን ይመለሳል። የልጅቷም ወንድም 2009 የሚለውን አይቶ ነው ከግድግዳው ካላንደር ያስተካከለላት። ዴስክቶፕ ከሆነ ከሶኬት ነቅላችሁ ከፍታችሁ ትቀይሯታላችሁ። ላፕቶፕ ላይ አንዳንዷ በሽቦ የተያያዘች ስለሆነች ባለሙያ ይቀይራት። ብቻ ጥገና ቤት ስትሄዱ «ፎርማት አድርግልኝ» ሳይሆን «የሰዓቷን ባትሪ ቀይርልኝ» በሉ። ባትሪው የሞተ ኮምፒውተር መቶ ጊዜ ፎርማት ቢደረግ መብራት ሲጠፋ ያው ነው።

ቀኑ ልክ ሆኖ እምቢ ካለስ?

ያኔ የኮምፒውተሩ ዕድሜ ነው። እያንዳንዱ ኮምፒውተር «እነዚህ የሰጡትን መታወቂያ እቀበላለሁ» የሚል ዝርዝር ይዟል። ዝርዝሩ ካልታደሰ ያረጃል። ሴፕቴምበር 30፣ 2021 (መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም) ሌትስ ኢንክሪፕት ይደገፍበት የነበረ አንድ የቆየ ሰርተፍኬት ጊዜው አለፈ። በዓለም ዙሪያ ብዙ አሮጌ መሣሪያዎች በዚያ ምክንያት ድረ ገጽ መክፈት አቃታቸው። ከ7.1.1 በታች የሆነ አንድሮይድ የያዛችሁም ችግሩ ሊገጥማችሁ ይችላል።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 ድጋፉን ያቆመው ጃንዋሪ 14፣ 2020 ነው፤ ክሮምም በእሱ ላይ 109 ላይ ቆሟል። ፋየርፎክስ ግን የራሱን ዝርዝር ይዞ ስለሚመጣ ብዙ ጊዜ አሮጌ ዊንዶውስ ላይ የተሻለ ይሠራል። ለዊንዶውስ 7 የሚሆነው 115 የሚባለው ነው። ከራሱ ከሞዚላ ድረ ገጽ አውርዱት፤ ከማይታወቅ ፍላሽ አትጫኑ። ኤክስፒ ከሆነ ግን ለጽሑፍ ተጠቀሙበት እንጂ ኢሜይልና ባንክ አትክፈቱበት።

አንድ ነገር አደራ

ማስጠንቀቂያው ሥር «አድቫንስድ» ከዚያም «ፕሮሲድ» የሚል አለ። ብዙዎቻችን ለምደነዋል፤ ሳናነብ ነው የምንጫነው። አደጋው እዚህ ላይ ነው። ቀኑ የተበላሸ ኮምፒውተር ትክክለኛውን ጂሜይልም አስመስሎ የተሠራውን ሌባም በአንድ ዓይን ነው የሚያየው፤ ለሁለቱም ያው ማስጠንቀቂያ ነው የሚያወጣው። መቶ ጊዜ ያለ ምክንያት ሲጮህ የለመደ ሰው፣ መቶ አንደኛው እውነተኛ ሲሆን አይለየውም። ቀኑን ካስተካከላችሁ በኋላም ማስጠንቀቂያው ከመጣ ግን እመኑት፤ ውጡ።

ልጅቷ ጽሑፏን በሰዓቱ አስገባች፤ ባትሪውንም አስቀየረች። አሮጌ ላፕቶፕ ላለው ጓደኛችሁ ይህን ሼር አድርጉለት። እናንተ ደግሞ አሁኑኑ ጽሑፋችሁን ሌላ ቦታ ኮፒ አድርጉ።