ደመና ላይ የተከራየ መጋዘን፤ ለላሊበላ ነጋዴ ያዋጣዋል?

ገና ሲቃረብ የላሊበላ ሆቴሎች ዋናው ንብረት አልጋው ብቻ አይደለም። ማን ክፍል እንደያዘ፣ ማን ቀብድ እንደላከ፣ የትኛው አስጎብኚ ድርጅት ቀሪ ሒሳብ እንዳለበት የሚያሳየው መዝገብም ንብረት ነው። ከተማዋ በሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ስትገባ መብራትና ስልክ ተቋረጠ፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስም ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ተመላልሳለች። በእንዲህ ያለ ጊዜ መዝገቡን በአንድ ኮምፒዩተር ብቻ ያስቀመጠ ሰው፣ ኮምፒዩተሩ ከተወሰደበት የሚጠይቀው ዕዳም አብሮ ይሄዳል።

ነጋዴው ስለ «ክላውድ» ማወቅ የሚገባው ከዚህ በመነሳት ነው። ስሙ ደመና ይሁን እንጂ ሰማይ ላይ የወጣ ነገር የለም። የራሱ መጋዘን የሌለው እህል ነጋዴ የሰው መጋዘን እንደሚከራየው ሁሉ፣ ይህም የሌላ ድርጅት ኮምፒዩተር ላይ ቦታ መከራየት ነው። ኪራዩ በኩንታል ሳይሆን በጊጋባይት ይቆጠራል። አማዞን ይህን አገልግሎት በ1998 ዓ.ም. ሲጀምር ለአንድ ጊጋባይት በወር 15 የአሜሪካ ሳንቲም ያስከፍል ነበር፤ ዛሬ መደበኛው ዋጋ ወደ 2.3 ሳንቲም ወርዷል። አከራዩ ዕቃውን ተራርቀው በተሠሩ ቢያንስ ሦስት ቦታዎች ያስቀምጣል፤ አንዱ ቢቃጠል ሌላው አለ።

ሒሳቡን እንየው። ፎቶና ቪዲዮ የሚያጠራቅም አስጎብኚ 500 ጊጋባይት ቢያስቀምጥ በወር 11.50 ዶላር ይከፍላል። ዶላር 57 ብር ሳለ ይህ 655 ብር ገደማ ነበር። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ተለቆ ዶላር 100 ብርን ሲሻገር ግን ያው ኪራይ ከ1,150 ብር በላይ ሆነ። ዕቃው አልጨመረም፤ ብሩ ነው የቀነሰ። ሌላም ብዙዎች የማያስተውሉት ክፍያ አለ፦ ማስገባት በነጻ ሲሆን ማውጣት ያስከፍላል። በወር ከመጀመሪያው 100 ጊጋባይት በላይ ለሚወጣው በጊጋባይት 9 ሳንቲም ያህል ይጠየቃል። 500ውን በአንድ ጊዜ ለማውጣት 36 ዶላር፣ ማለትም ከሦስት ወር ኪራይ በላይ ያስፈልጋል። (የቅዳሜ ገበያ ነጋዴ የዱቤ ደብተሩን በስልኩ ፎቶ ቢያነሳ ግን ጉግል በነጻ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ይበቃዋል።)

ዳሩ ግን መጋዘኑ ቢኖርም መንገዱ ሊዘጋ ይችላል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጧል። አዲስ አበባ ያለ ሸሪክ መዝገቡን ከፍቶ ማየት ሲችል የላስታው ባለቤት አይችልም ማለት ነው። ስለዚህ ቅጂው ሁለት መሆን አለበት፤ አንዱ ደመናው ላይ፣ አንዱ በእጅ በሚያዝ ዲስክ። የይለፍ ቃሉንም ከከተማው ውጭ ያለ የታመነ ሰው ሊያውቀው ይገባል።

«ትልቅ ዳታ» የሚባለው ደግሞ የላሊበላ ሆቴል እጅ ውስጥ የለም። ያለው እንደ ቡኪንግ ዶት ኮም ባሉ የመስተንግዶ ደላሎች ዘንድ ነው። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች ምን እንደፈለጉ፣ በስንት ዋጋ እንደተዉት፣ መቼ እንደሰረዙ በእንዲህ ያለ መጋዘን ያከማቻሉ። ሆቴሉ በብዙ ቦታ 15 በመቶ ገደማ ኮሚሽን የሚከፍለው ለዚህ ዕውቀት ጭምር ነው። የራሱን እንግዶች የዓመታት መዝገብ የያዘ ባለሆቴል ቢያንስ የቀድሞ ደንበኛውን ያለ ደላላ ሊጠራ ይችላል።

ሕግም አለ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃን ወደ ውጭ አገር ማስተላለፍን በቅድመ ሁኔታ ያሰረ ሲሆን፣ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። እንግዳ ሲቀበሉ የሚወሰደው የፓስፖርት ቅጂ የግል መረጃ ነው። አገር ውስጥ ማስቀመጥ ለሚሻ ኢትዮ ቴሌኮም የክላውድ አገልግሎት ያቀርባል፤ በአዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክም የግል ዳታ ሴንተሮች ሥራ ጀምረዋል። ውል ሲፈረም የማስቀመጫው ብቻ ሳይሆን የማውጫው ዋጋም በጽሑፍ ይጠየቅ።