የብስክሌትን ሰንሰለት በምን እናጽዳ?

ባሕር ዳር በብስክሌት ብዛት የታወቀች ከተማ ናት። በዚያ ሜዳ ላይ ያገለገለ አንድ ብስክሌት ወደ ዳባት ወይም ወደ ደባርቅ ተጭኖ ቢመጣ፣ አቧራማውና ዳገታማው መንገድ ብዙም ሳይቆይ ሰንሰለቱን ያጠቁረዋል፤ ፔዳሉም ይከብዳል። በዚህ ጊዜ ባለቤቱ «በምን ልጠበው? በርካሽ የሚገኘውስ የትኛው ነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው ቀላል ቢመስልም መልሱ ከኬሚስትሪና ከፊዚክስ ትምህርት ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። መልሱ ከተሳሳተ ደግሞ ጉዳቱ በሰንሰለቱ ላይ ብቻ ላይወሰን ይችላል።

የቆሻሻው ምንነት

የሰሜን ተራሮች በአብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ከፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ቅላጭ የተፈጠሩ የባዛልት ተራሮች ናቸው። ከዚህ ድንጋይ የሚነሣው አቧራ በሰንሰለቱ ዘይት ሲለወስ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ብረቱን ይፍቃል። ሰንሰለት «ረዘመ» የሚባለውም ብረቱ ተስቦ ሳይሆን በየመጋጠሚያው ያለው ፒን ተበልቶ ነው።

አቧራው ራሱ በምንም ፈሳሽ አይሟሟም። የሚሟሟው አቧራውን ያጣበቀው ዘይት ነው፤ ዘይቱ ሲለቅ አቧራው ይረግፋል። በኬሚስትሪ «መሰል መሰሉን ያሟሟል» የሚባል ሕግ አለ። የዘይት ሞለኪውሎች እንደ ውኃ ሞለኪውሎች አዎንታዊና አሉታዊ ጫፍ ስለሌላቸው ውኃ ብቻውን አያሟሟቸውም። ቤንዚን፣ ነጭ ጋዝና ናፍጣ ግን ልክ እንደ ዘይቱ የካርቦንና የሃይድሮጅን ውሕዶች በመሆናቸው በቀላሉ ያሟሙታል።

ሦስቱን ማነጻጸር

ሦስቱም ዘይትን የሚያሟሙ ከሆነ ልዩነታቸው ምንድን ነው? ዋናው ልዩነት የመቀጣጠያ ነጥባቸው ነው። ይህም ከፈሳሹ ላይ የሚተነው እንፋሎት ብልጭታ ሲነካው ለመቀጣጠል የሚበቃበት ዝቅተኛው ሙቀት ነው። የቤንዚን የመቀጣጠያ ነጥብ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። የነጭ ጋዝ አብዛኛውን ጊዜ ከ38 ዲግሪ፣ የናፍጣ ደግሞ ከ50 ዲግሪ በላይ ነው።

እንግዲህ በበየዳ ውርጭ በሚጥልበት ሌሊት እንኳ ቤንዚን ለመቀጣጠል የተዘጋጀ ነው። እንፋሎቱ ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ተጉዞ ራቅ ያለ ምድጃ ሊደርስ፣ ከዚያም ነበልባሉ ወደ ዕቃው ሊመለስ ይችላል። በተጨማሪም ቤንዚን የደም ካንሰር የሚያስከትለውን ቤንዚን የተባለ ሌላ ውሕድ በውስጡ ይዟል፤ ይህም ውሕድ ስድስት ካርቦኖች በቀለበት የተያያዙበት ነው። ናፍጣ አደጋው ያነሰ ቢሆንም ቶሎ አይደርቅም፤ በሰንሰለቱም ላይ ቅባት ትቶ ይቀራል። ስለዚህ የተሻለው ምርጫ በመካከል ያለው ነጭ ጋዝ ነው።

የደጋው አየር የሚለውጠው

ይሁን እንጂ ከላይ የተጠቀሱት ቁጥሮች የተለኩት በባሕር ወለል የአየር ግፊት ነው። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። የአየሩም ግፊት 72 ኪሎፓስካል አካባቢ ነው፤ በባሕር ወለል ግን 101 ነው። በደጋ ውኃ በ90 ዲግሪ ገደማ የሚፈላውና ባቄላው ሳይበስል የሚቆየው በዚሁ ምክንያት ነው።

የአሟሚው እንፋሎት መጠን የሚወሰነው በሙቀቱ ሲሆን የሚቀላቀለው አየር ግን በደጋ ያነሰ ነው። ስለሆነም እንፋሎቱ ከድብልቁ የሚይዘው ድርሻ ያድጋል፤ የመቀጣጠያ ነጥቡም ይወርዳል። በተለመደው ስሌት ግፊቱ በ1 ኪሎፓስካል ሲቀንስ ነጥቡ በ0.25 ዲግሪ ይቀንሳል። ለደባርቅ ልዩነቱ 7 ዲግሪ ይሆናል፤ 38 የነበረው ወደ 31 ይወርዳል ማለት ነው። በፀሐይ የተሰጣ ብረት ወይም በምድጃ አጠገብ የተቀመጠ ጣሳ ይህን ሙቀት በቀላሉ ያልፋል። ስለዚህ በነጭ ጋዝም ቢሆን እጥበቱ በጥላ ሥር፣ ከቤት ውጭ፣ ከእሳትና ከሲጋራ ርቆ መከናወን ይኖርበታል።

ርካሽነት በአጠቃቀም ነው

150 ሚሊ ሊትር ነጭ ጋዝ አለን እንበል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ብንጠቀምና በሰንሰለቱ ላይ 5 ሚሊ ሊትር ቢቀር፣ ከሟሟው እድፍ 30ኛው እጅ አብሮ ይቀራል። ያንኑ ለሦስት ከፍለን 50፣ 50 እያደረግን ብናጥብ ግን የሚቀረው ከሺህ አንድ እጅ በታች ነው። አንባቢ ይህን ራሱ አስልቶ ሊያረጋግጥ ይችላል። የቆሸሸው ፈሳሽ በተከደነ ዕቃ ለጥቂት ቀናት ቢቀመጥ አቧራው ይዘቅጣል፤ ከላይ የጠለለው ለቀጣዩ የመጀመሪያ እጥበት ያገለግላል።

ከእጥበት በኋላ ሰንሰለቱ በጨርቅ ተወልውሎ በሚገባ ይድረቅ፤ የቀረ ነጭ ጋዝ አዲሱን ዘይት ያቀጥነዋልና። የኑግ ዘይትን መቀባት አይመከርም፤ ከአየር ኦክስጅን ጋር እየተዋሐደ ሙጫ ይሆናል። ቀጭን የማሽን ዘይት በየመጋጠሚያው አንድ አንድ ጠብታ ይበቃል።

እድፉስ ወዴት ይሂድ?

ቀላል እድፍ በሙቅ ውኃና በሳሙና፣ ወይም በእንዶድ ሊለቅ ይችላል። ሆኖም «የተፈጥሮ ነው» ማለት «አይጎዳም» ማለት አይደለም። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች በወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን ተመልክተዋል። ያ ግኝት ቢልሃርዝያን ለመከላከል ትልቅ ተስፋ ሰጥቷል፤ ከወንዝ ዳር የምንደፋው ሁሉ ወደ ታች እንደሚወርድም ያስተምራል። ከሰሜን ተራሮች የሚወርዱ ብዙ ጅረቶች ተከዜን ይቀላቀላሉ፤ ከመንገዳቸውም ሰውና ከብት ይጠጣቸዋል።

ስለዚህ ያገለገለው ነጭ ጋዝ በጅረት ወይም በጓሮ አይደፋ። በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስም ፈጽሞ አይቀመጥ፤ ሕፃን ውኃ መስሎት ቢጠጣው ወደ ሳንባ ገብቶ ሊገድል ይችላል። ይህ ከደረሰ ሕፃኑ እንዲያስታውክ ሳይገደድ በአፋጣኝ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

በአጠቃላይ ርካሽ አሟሚ የሚባለው በሊትር ዋጋው ያነሰው ብቻ አይደለም። በጥቂቱ ብዙ ሥራ የሚሠራ፣ ቤትንም ወንዝንም የማይጎዳ ሊሆን ይገባዋል።