ወገብ ሲያም፣ አጥንት ሲሰበር ወደ ማን እንሂድ?

እኛ በሐዋሳ ከተማ በታቦር ፊደል ለማስተማር የተላክን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን። ከተማሪዎቻችን አንዱ ጐልማሳ ገበሬ ነበሩ። ስማቸውን መጻፍ በቻሉ በሳምንቱ ከጋሪ ላይ ወድቀው ቀኝ ክንዳቸው ተሰበረ። ወጌሻ በቀርከሃ ደግፎ አጥብቆ አሰረላቸው። በማግስቱ ወደ ትምህርት መጡ። ጣቶቻቸው አብጠው፣ ቀዝቅዘው፣ ጠቁረው ነበር። «በጣም ያመኛል፤ ግን አጥንት ሲገጥም ያማል ብለውኛል» አሉን። እኛም «እግዜር ይማርዎ» ብለን ወደ ሰሌዳው ዞርን። በአራተኛው ቀን ሐኪም ቤት ሲደርሱ እጁ ሞቷል። ሕይወታቸውን ለማትረፍ ከክርን በታች ተቆረጠ።

ለካ ፊደል አስተማሪዎቹም አላዋቂዎች ነበርን። ስለዚህ ጠይቀን የተረዳነውን እዚህ ጻፍን።

እጁ ለምን ሞተ?

ደም በሰውነታችን ውስጥ በመስኖ ቦይ እንደሚሄድ ውሃ ነው። ቦዩ ሲደፈን ቡቃያው ይጠወልጋል። የተሰበረ ክንድ ያብጣል፤ ጠብቆ የታሰረ ጨርቅ ግን አብሮ አይሰፋም። ደም መተላለፊያ ያጣል። ደም ያጣ ሥጋ ስድስት ሰዓት ያህል ከቆየ መሞት ይጀምራል። ስለዚህ ከታሰረ በኋላ ጣት ከቀዘቀዘ፣ ከጠቆረ፣ ከደነዘዘ ወይም ሕመሙ ከባሰ እስሩን ወዲያው ማላላት፣ ያኔውኑ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው። ነገ አይባልም።

ወጌሻን መናቃችን አይደለም። እጁ የለመደ የአገር ባለሙያ ነው። ነገር ግን ዓይኑ ሥጋን አልፎ አጥንትን አያይም። አጥንት የሚያሳየው ራጅ ነው። ስለዚህ አጥንት ተሰበረ ብለን ስንጠረጥር አንታሽም። ክንዱን በእንጨት ደግፈን፣ ሳናጠብቅ አስረን ወደ ሐኪም እንሄዳለን። ቁስል ካለው ወይም አጥንቱ ከወጣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነን እንፈጥናለን።

ወገብና ጉልበት ሲያምስ?

እንሰት የሚፍቁ፣ እንጨትና ውሃ የሚሸከሙ እናቶች ወገባቸውን ያማቸዋል። የሚያርስና ጆንያ የሚሸከም ወንድም እንዲሁ። ብዙው የወገብ ሕመም ከሥራ የመጣ ነው፤ በጥቂት ሳምንት ይሻላል። «ተኛ» የሚባለው የድሮ ምክር አይረዳም። ብዙ የተኛ ጡንቻ እንደቆመ ጋሪ ይዝጋል። ቀስ ብሎ መራመድና ቀላል ሥራ መሥራት ይሻላል።

አንዳንዱ የወገብ ሕመም ግን ከባድ በሽታ ነው። እግር ከሰነፈ፣ ሽንት ወይም ሰገራ አልታዘዝ ካለ፣ ይህ አጣዳፊ ነውና ያንኑ ቀን ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክሳት ከታከለበት የአከርካሪ ነቀርሳ ሊሆን ይችላል። ነቀርሳ በመድኃኒት ይድናል፤ ከዘገየ ግን ያጎብጣል፣ ሽባም ያደርጋል።

የሐኪም ምርጫ

መንገዱ ከቅርብ ይጀምራል። መጀመሪያ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ በሪፈር ወረቀት ወደ አዳሬ ሆስፒታል ወይም ወደ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይላካል። የማኅበረሰብ ጤና መድን አባል ወረቀቱን ካልያዘ ከኪሱ ሊከፍል ይችላል። ድንገተኛ አደጋ ከሆነ ግን ቀጥታ መሄድ ነው።

ደህናውን ሐኪም በምን እናውቀዋለን? በዝናው ወይም በክሊኒኩ ቀለም አይደለም። እነዚህን እንይ፦

1ኛ/ የሥራ ፈቃዱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል?

2ኛ/ መቼ እንደጀመረን፣ ምን እንደምንሠራ ይጠይቃል? የሚያመንን ቦታ በእጁ ይመረምራል?

3ኛ/ በሽታውን በሚገባን ቋንቋ ይነግረናል? ስንጠይቀው አይቆጣም?

4ኛ/ ከመድኃኒት ሌላ ቤት የምንሠራው እንቅስቃሴ ይሰጠናል? መቼ እንደምንመለስስ ይነግረናል?

ሳይመረምር መርፌ የሚወጋውን እንጠርጥር። እንደ ዲክሎፌናክ ያለ ማስታገሻ ሕመሙን ጸጥ ያደርጋል እንጂ ምንጩን አያደርቅም። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲደጋገም ጨጓራን ያቆስላል፣ ኩላሊትን ይጎዳል። ጎረቤትን የረዳ ኪኒን እኛን ሊጎዳን ይችላል።

ከሕክምና በኋላ

ስብራት ገጠመ ማለት ሥራው አለቀ ማለት አይደለም። የደረቀ መገጣጠሚያን በእንቅስቃሴ የሚያፍታታ ባለሙያ ፊዚዮቴራፒስት ይባላል። በአገራችን ጎንደር ዩኒቨርሲቲን የመሰሉ ተቋማት ያሠለጥኑታል። እሱ ያሳየንን ቤታችን በየቀኑ ካልሠራን ግን ድካሙ ከንቱ ነው። እጅ ወይም እግር ለተቆረጠ ሰውም ተስፋ አለ። በአርባ ምንጭና በመናገሻ ያሉትን የመሰሉ የአካል ተሐድሶ ማዕከላት ሰው ሠራሽ እግርና ክራንች ይሰጣሉ፤ መራመድም ያለማምዳሉ።

እኚያ ተማሪያችን ወደ ትምህርት ተመልሰዋል። አሁን በግራ እጃቸው ይጽፋሉ። ፊደሎቹ ይንጋደዳሉ፤ ስማቸው ግን ይነበባል። «ይህን ነገር ጻፉት፣ ሌላው ያንብበው» ያሉን እሳቸው ናቸው።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. የታሰረ ክንድ ጣቶች ቢቀዘቅዙና ቢጠቁሩ ምን ማድረግ አለብን?

2. ለወገብ ሕመም ለብዙ ቀን መተኛት ለምን አይረዳም?

3. ደህና ሐኪም የሚታወቅባቸውን ምልክቶች ተናገሩ።

4. በአካባቢያችሁ ያለው ጤና ኬላ የት ነው? ስሙን ጻፉ።