ያለ ንግግር የቀረበ የድንበር ጠብ

በድንበር ሳቢያ የሚነሣ ጠብ ለገጠር ሰው እንግዳ አይደለም። ይህንኑ ጠብ አንዲት ቃል ሳይነገርበት በስምንት ደቂቃ የሚያሳየው «ጎረቤታሞች» የተሰኘ የካናዳ ፊልም እ.ኤ.አ. በ1952 ዓ.ም. ተሠርቶ በተከታዩ ዓመት በኦስካር ውድድር በአጭር ዘጋቢ ፊልም ዘርፍ ተሸልሟል። ፈጠራ ሆኖ ሳለ ዘጋቢ መባሉ ያስገርማል።

ሁለት ጎረቤታሞች በየደጃፋቸው ተቀምጠው ጋዜጣ ያነብባሉ። በመካከላቸው አንዲት አበባ ትበቅላለች። ሁለቱም በመዓዛዋ ይደሰታሉ፤ ወዲያው ግን የግል ሊያደርጓት ይሻማሉ። አጥር ያጥራሉ፤ በአጥሩም እንጨት ይደባደባሉ። አበባዋ ትረገጣለች፤ ቤት ይፈርሳል፤ ሚስትና ሕፃን ሳይቀሩ ይገደላሉ፤ በመጨረሻም ሁለቱም ይሞታሉ።

አዘጋጁ ኖርማን ማክላረን ከዚህ ቀደም እ.ኤ.አ. በ1949 ዓ.ም. በዩኔስኮ አማካይነት ቻይና ሄዶ ለገጠር ጤና ትምህርት የሚረዱ ሥዕሎችን አዘገጃጀት አስተምሯል። ፊደል ላልቆጠረ መንደርተኛ በዓይን የሚታይ ትምህርት ማዘጋጀት ለእርሱ አዲስ አልነበረም ማለት ነው።

በመጨረሻው ላይ «ጎረቤትህን ውደድ» የሚል ጽሑፍ በብዙ ቋንቋዎች ይታያል፤ ታሪኩን ለመከታተል ግን አስተርጓሚ አያሻም። ስለ ድንበር ለሚወያይ የገበሬዎች ስብሰባ መነሻ ሊሆን ይችላል። የግድያው ትዕይንት ከባድ ስለሆነ ግን ለዐዋቂዎች እንጂ ለሕፃናት የሚቀርብ አይደለም።